የአባልነት ካርድ ለሸማቹ በእርግጥ ያተርፋልን?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር)

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ከበዓል ይልቅ ለሒሳብ መዝገብ የቀረበ ነው። ቢሆንም የተደራጀነው ለኑሯችን ስለሆነ በበዓላችን ቀን ስለ ኪሳችን ብንነጋገር የሚያስነቅፍ አይመስለኝም።

ርዕሱ የተነሣበትን ምክንያት አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ዩኒየኑ በሚያስተዳድራቸው የፍጆታ ዕቃ ሱቆች አባላት በየዓመቱ የካርድ ክፍያ እየከፈሉ በቅናሽ እንዲገዙ ይደረግ የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ ማኅበራት ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እኅቶች በምሳሌነት የጠቀሱት በአሜሪካ የሚገኙትን የመጋዘን መደብሮች ነው። እዚያ የሚኖሩ ልጆቻችንና ዘመዶቻችን «ካርድ አውጥተን በርካሽ እንገዛለን» ይሉናል። እኔም በዚያ አገር ለተወሰኑ ዓመታት ኖሬ በእነዚህ መደብሮች ስለገዛሁ፣ ሙያዬም የሒሳብ ሥራ ስለሆነ ቦርዱ ነገሩን መርምሬ እንዳስረዳ ጠይቆኛል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሰው ለመግዛት መብት ገንዘብ ከፍሎ ከገባ በኋላ በእርግጥ ያተርፋል ወይስ ያተረፈ ይመስለዋል? ይህንን ለመመለስ መጀመሪያ እነዚህ መደብሮች ምን እንደሆኑ፣ ቀጥሎም ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። በንግግሬ የአሜሪካን ጉዳይ ሳነሣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እገልጻለሁ።

የመጋዘን መደብር እንዴት ተጀመረ?

የዚህ አሠራር ጀማሪ ሶል ፕራይስ የተባለ የካሊፎርኒያ ጠበቃና ነጋዴ ነው። ሶል ፕራይስ በ1954 በሳንዲያጎ ከተማ ፌድማርት የተባለ የቅናሽ መደብር አቋቁሞ ነበር። ከዚያ ድርጅት ከወጣ በኋላ በ1976 በዚያው በሳንዲያጎ፣ ቀድሞ የአውሮፕላን ማቆያ በነበረ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ፕራይስ ክለብ የተባለውን መደብር ከፈተ። መጀመሪያ የታሰበው ለትናንሽ ነጋዴዎች ነበር። ባለ ምግብ ቤቱና ባለ ሱቁ በዓመት 25 ዶላር እየከፈለ የሚገዛበት ቦታ ነበር። በኋላ ግን ገበያው በነጋዴ ብቻ ስላልሞላ በሩ ለሌሎች ሸማቾችም ተከፈተ።

ሐሳቡ ሲያዋጣ ብዙዎች ተከተሉት። በ1983 የዋልማርት ባለቤት ሳም ዋልተን በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት የመጀመሪያውን ሳምስ ክለብ ከፈተ። ከሶል ፕራይስ ብዙ ሐሳብ እንደወሰደም ራሱ በግልጽ ተናግሯል። በዚያው ዓመት በሶል ፕራይስ ዘንድ ሥራ የተማረው ጂም ሲኔጋል ከጄፍሪ ብሮትማን ጋር ሆኖ በሲያትል ኮስትኮን ጀመረ። ቢጄስ የተባለው ደግሞ በ1984 በማሳቹሴትስ ተከተለ። በ1993 ኮስትኮና ፕራይስ ክለብ ተዋሐዱ። ዛሬ ኮስትኮ በአሜሪካ ብቻ ከ600 በላይ መደብሮች አሉት።

አሠራራቸው ይህን ይመስላል። መደብሩ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ መጋዘን ነው። ዕቃው ከጭነት መኪና እንደወረደ በእንጨት ርብራቡ ላይ እንዳለ በማንሻ መኪና ተወስዶ ሸማቹ ፊት ይቀመጣል። አንድ አንድ እያሉ በመደርደሪያ ላይ የሚደረድሩ ሠራተኞች እምብዛም አያስፈልጉም። አንድ የተለመደ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዕቃ ዓይነቶች ሲይዝ ኮስትኮ የሚይዘው ወደ 4,000 ገደማ ብቻ ነው። ሃያ ዓይነት ዘይት በመደርደር ፈንታ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት መርጦ ከእነርሱ እጅግ ብዙ ይገዛል። ብዙ የሚገዛ ደግሞ ከአምራቹ ጋር ዋጋ የመደራደር ኃይል ያገኛል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛ ማኅበራት ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን በአንድነት የሚገዙበት፣ እህልንም አሰባስበው የሚሸጡበት ምክንያት ይኸው ነው።

መደብሩ የሚያተርፈው ከየት ነው?

የኩባንያውን የሒሳብ ሪፖርት ማንም ሰው ማንበብ ይችላል፤ ለሕዝብ ይፋ የሚደረግ ነውና። የኮስትኮን የ2024 የበጀት ዓመት ሪፖርት እንመልከት። በዚያ ዓመት ኩባንያው ወደ 249.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ሸቀጥ ሸጧል። ከአባላት የሰበሰበው የካርድ ክፍያ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ይህን ትልቅ ቁጥር ወደ 100 ዶላር ብናወርደው ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

ሸማቹ 100 ዶላር ሲከፍል ወደ 89 ዶላር የሚሆነው ለሸቀጡ ለራሱ ወጪ ነው። ወደ 9 ዶላር የሚጠጋው ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለመብራት፣ ለሕንፃና ለመሳሰለው ሥራ ማስኬጃ ይውላል። ከሸቀጡ ሽያጭ የሚተርፈው 2 ዶላር እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ ግን የካርዱ ክፍያ አለ። ክፍያው ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ሽያጭ ሲካፈል ሌላ 2 ዶላር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ኩባንያው ከሥራው ካገኘው ትርፍ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያህለው ገንዘብ የመጣው ከካርድ ክፍያ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ከሌሎች ጋር እናነጻጽር። ክሮገር የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የሱፐርማርኬት ኩባንያ በ100 ዶላር ሽያጭ ውስጥ ከሸቀጡ ወጪ በላይ የሚይዘው ከ20 ዶላር በላይ ነው። ኮስትኮ የሚይዘው 11 ዶላር ገደማ ነው። የኮስትኮ መሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲናገሩ እንደቆዩት በአንድ ዕቃ ላይ ከ14 በመቶ በላይ፣ ከርክላንድ በሚባለው በራሳቸው ምልክት በሚሸጠው ዕቃ ላይ ደግሞ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይጨመር የውስጥ ደንብ አላቸው። እንግዲህ የመደብሩ ዋጋ ዝቅተኛ መሆኑ ወሬ ወይም የማስታወቂያ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሒሳብ መዝገብ የሚታይ እውነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሱፐርማርኬቱ ትርፉን የሚያገኘው ዕቃ በሸጠ ቁጥር ነው። የመጋዘን መደብሩ ግን የትርፉን ትልቅ ድርሻ አስቀድሞ፣ በዓመቱ መግቢያ ላይ ይሰበስባል። ሸማቹ በዓመቱ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ቢመጣም ሁለት ጊዜ ቢመጣም ክፍያው ያው ነው። ስለዚህ ካርዱ ያተርፋል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በሸማቹ ቤት ነው።

የሸማቹ ሒሳብ

ከመስከረም 2024 መጀመሪያ አንሥቶ የኮስትኮ መደበኛ ክፍያ ከ60 ወደ 65 ዶላር፣ ከፍተኛው ደረጃ ደግሞ ከ120 ወደ 130 ዶላር ከፍ ብሏል። ሳምስ ክለብም በ2022 መደበኛውን ከ45 ወደ 50፣ ከፍተኛውን ከ100 ወደ 110 ዶላር አሳድጎ ነበር። በሒሳባችን 65 ዶላሩን እንያዝ።

አንድ ቤተሰብ ከሌላ ገበያ ይልቅ በዚህ መደብር ሲገዛ በአማካይ 10 በመቶ ይቆጥባል እንበል። 65 ዶላሩን ለማካካስ በዓመት የ650 ዶላር፣ ማለትም በወር የ54 ዶላር ያህል ዕቃ መግዛት አለበት። ቁጠባው 5 በመቶ ብቻ ከሆነ በዓመት 1,300፣ በወር 108 ዶላር መግዛት ይኖርበታል። ከዚያ በላይ የሚገዛው ሁሉ ትርፍ ይሆንለታል። አምስትና ስድስት ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህ በጣም ቀላል ነው። ብቻዋን በአንዲት ክፍል ለምትኖር ተማሪ ግን የማይደረስበት ሊሆን ይችላል።

ከፍተኛው ካርድ 130 ዶላር የሚያስከፍለው አባሉ ከገዛው ላይ 2 በመቶ በዓመቱ መጨረሻ ስለሚመልስ ነው። ተመላሹ በዓመት ከ1,250 ዶላር አይበልጥም። ለዚህ ደረጃ የሚጨመረው 65 ዶላር በ2 በመቶ ተመላሽ እንዲካካስ በዓመት የ3,250 ዶላር፣ በወር 271 ዶላር ገደማ ግዢ ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የሚገዛ ሰው ከፍተኛውን ካርድ ቢያወጣ ከተመላሹ ይልቅ የጨመረው ክፍያ ይበልጣል።

ለአንዳንዶች ደግሞ ምግቡን ሳይነኩ ቤንዚኑ ብቻ ክፍያውን ያወጣል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ እንደሚነዱ ታውቃላችሁ። መደብሮቹ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ነዳጅ ማደያ አላቸው። አንድ ጋሎን ማለት አራት ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። በጋሎን 20 ሳንቲም ቢቀንስለት 65 ዶላሩን ለመመለስ 325 ጋሎን መቅዳት ይበቃዋል። በቀን 10 ጋሎን ለሚያቃጥል ባለ ታክሲ ይህ የ33 ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ አንድ ወር ለእርሱ ነው።

ካርዱን ጨርሶ የማይፈልግ ሸማችም አለ። ለምሳሌ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ለመግዛት ብቻ ወደ ኮስትኮ የሚሄድ ሰው አባል መሆን አይጠበቅበትም። ይህንን የማያውቁ ሽማግሌዎች ለመድኃኒቱ ሲሉ ብቻ ካርድ ቢያወጡ ገንዘባቸውን ያለምክንያት ያወጣሉ።

ሒሳቡ የሚበላሽባቸው መንገዶች

እስካሁን ያየነው የወረቀት ሒሳብ ነው። በኑሮ ውስጥ ግን ይህ ሒሳብ በአራት መንገድ ይበላሻል።

የመጀመሪያው ብክነት ነው። መደብሩ በትንሹ አይሸጥም። ለምሳሌ ያህል 10 ኪሎ ድንች በ8 ዶላር ይሸጣል፤ በሰፈር ገበያ ደግሞ 4 ኪሎ በ4 ዶላር ይገኛል እንበል። የመጀመሪያው በኪሎ 80 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 1 ዶላር ነው። ትልቁ ከረጢት በእርግጥ ርካሽ ነው። ነገር ግን ከ10 ኪሎው 3 ኪሎ ከበሰበሰ የተበላው 7 ኪሎ በኪሎ 1 ዶላር ከ14 ሳንቲም ፈጀ ማለት ነው። ርካሹ ተወደደ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2010 በነበረው ሁኔታ ላይ ባደረገው ግምት በችርቻሮ መደብርና በሸማቹ እጅ ከደረሰው ምግብ ውስጥ 31 በመቶው ሳይበላ ቀርቷል። ከዚህም 21 በመቶው የጠፋው በሸማቹ ዘንድ ነው። የእኛ እናቶች መጥኖ መደቆስን ያስተማሩን በከንቱ አልነበረም።

ሁለተኛው ያልታሰበ ግዢ ነው። ሸማቹ ለዘይትና ለሩዝ ይገባል፤ በበሩ አጠገብ ቴሌቪዥን፣ ጥቂት አለፍ ሲል ብርድ ልብስ፣ የጓሮ ወንበር ያገኛል። ዛሬ ያለው በሚቀጥለው ሳምንት ላይኖር ስለሚችል «አሁን ካልገዛሁት ያመልጠኛል» ይላል። ኩባንያው ራሱ ይህንን አሠራር ሀብት ፍለጋ ብሎ ይጠራዋል። የተጠበሰው ዶሮ ከ2009 ጀምሮ በ4 ዶላር ከ99 ሳንቲም መሸጡ የታወቀ ነው፤ ዶሮው ያለው ግን ብዙ ጊዜ በመደብሩ መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ለመድረስ ስንት ዕቃ ይታለፋል! የ5 ዶላር ዶሮ ሊገዛ የገባ የ150 ዶላር ጋሪ እየገፋ ቢወጣ መደብሩ አልዋሸውም፤ ቅናሹም እውነት ነው። ሆኖም የማያስፈልግን ዕቃ በቅናሽ መግዛት ቁጠባ ሊባል አይችልም። የእኛ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሦስተኛው የክፍያው የራሱ ጉልበት ነው። ሰው አስቀድሞ ከከፈለ «የከፈልኩትን ላውጣ» እያለ ደጋግሞ ይመላለሳል። በሌላ ገበያ የወረደ ዋጋ ቢኖር እንኳ አያይም። የተከፈለው ገንዘብ ግን ተከፍሏል፤ ብዙ በመግዛት አይመለስም። የሚመለሰው በልዩነት ብቻ ነው።

አራተኛው መንገድና ጊዜ ነው። እነዚህ መደብሮች ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ስለሚፈልጉ ብዙ ጊዜ ከመኖሪያ ሰፈር ራቅ ይላሉ። 20 ኪሎ ሩዝና አራት ጋሎን ዘይት ተሸክሞ በአውቶቡስ መመለስ አይሞከርም። መኪና የሌለው፣ ማስቀመጫ ቦታ የሌለው፣ በአንድ ጊዜ 200 ዶላር ማውጣት የማይችለው ደሃ ቅናሹ በጣም የሚያስፈልገው እርሱ ሆኖ ሳለ የመጠቀም ዕድሉ ዝቅተኛ ነው።

ወገኖቻችን ለዚህ ያበጁትን ዘዴ ሳልጠቅስ አላልፍም። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለሐዘን ቤት ሲሆን አንዱ አባል ገዝቶ ወጪው ይካፈላል። በሌላም ጊዜ ሁለት ሦስት ቤተሰብ የሽንኩርት ከረጢቱን፣ ለንጥር ቅቤ የሚሆነውን ጨው የሌለበት ቅቤ፣ የዶሮ እግሩን እንደ በዓል በሬ ቅርጫ ይከፋፈሉታል። ካርዱን ለሌላ ሰው ማዋስ የተከለከለ ነው፤ ኮስትኮ በ2024 በየበሩ ካርድ የሚያነብ መሣሪያ እስከመትከል ደርሷል። አባሉ የገዛውን ማካፈል ግን አይከለከልም። ብክነቱም ወጪውም የሚቀንሰው እንዲህ ሲሆን ነው። ይህ ዘዴ ከመደብሩ የተገኘ አይደለም፤ ከቤታቸው ይዘውት የሄዱት የመረዳዳት ልማድ ነው።

እንግዲህ የተጠየቅሁትን ልመልስ። ካርዱ የሚያተርፈው ቀድሞውንም ሊገዛው ያሰበውን፣ የማይበላሽ ወይም ሳይበላሽ የሚያልቅ ዕቃ፣ ከክፍያው በላይ ልዩነት እስኪያመጣ ድረስ በብዛት ለሚገዛ ቤተሰብ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ካርዱ ለመደብሩ እንጂ ለሸማቹ አያተርፍም።

ካርድ የያዘ አባልና ባለቤት የሆነ አባል

ክቡራትና ክቡራን፤

እዚህ ላይ ለእኛ ዋናው ነገር ይመጣል። እነርሱም «አባል» ይላሉ፤ እኛም «አባል» እንላለን። ቃሉ አንድ ቢሆንም ትርጉሙ ለየቅል ነው።

በጥር 2024 ኮስትኮ በእጁ ከተከማቸው ገንዘብ ውስጥ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 15 ዶላር፣ በጠቅላላው ወደ 6.7 ቢሊዮን ዶላር ልዩ የትርፍ ክፍያ አከፋፈለ። የተከፈለው ለአክሲዮን ባለቤቶች ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ደግሞ የካርዱ ክፍያ በ5 ዶላር ጨመረ። የከፈሉት ካርድ የያዙት ናቸው። በዚህ ውስጥ ማታለል የለም፤ ኩባንያው የባለ አክሲዮኖች ስለሆነ ትርፉ ወደ ባለቤቶቹ ሄደ። ካርድ የያዘው ሸማች ግን ክፍያው ሲጨምር ድምፅ አልሰጠም፤ ትርፉ ሲከፋፈልም አልተጠራም። ያለው መብት በሚቀጥለው ዓመት ካርዱን አለማደስ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ሄደን በእንግሊዝ አገር ሮችዴል የተባለችውን ከተማ እናስታውስ። በ1844 መጨረሻ ላይ 28 አባላት እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው በ28 ፓውንድ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሸጡት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበር። ያንን ሱቅ በዓለም ያስጠራው የዋጋ ቅናሽ አልነበረም። ያስጠራው የተረፈው ገንዘብ እያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን ተመልሶ እንዲከፋፈል መደረጉና አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው ሥርዓት ነው። በአሜሪካም ቢሆን በዚህ መንገድ የሚሠሩ አሉ። በሲያትል አካባቢ በ1938 የተመሠረተው የተራራና የጉዞ ዕቃ ሻጭ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አር.ኢ.አይ. የሚያስከፍለው የዕድሜ ልክ አባልነት 30 ዶላር ሲሆን ለአባላት በየዓመቱ በገዙት ልክ የታሰበ ተመላሽ ሲሰጥ ቆይቷል።

የእኛም ሕግ መሠረቱ ይኸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 የተደነገገው፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተተካው ሕግ አባሉ ዕጣ ገዝቶ ባለቤት እንዲሆን፣ ዕጣው ቢበዛም ድምፁ አንድ እንዲሆን፣ ከትርፉ መጠባበቂያው ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ለአባላት እንዲከፋፈል ያደርጋል። የእኛ አባል የመመዝገቢያና የዕጣ ገንዘቡን አንድ ጊዜ ከፍሏል። በየዓመቱ ሌላ ክፍያ ስንጠይቀው ምን እንደምንሰጠው በቁጥር ማሳየት ግዴታችን ነው።

ለእኛስ ምን ይበጃል?

ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እኅቶች መነሻቸው በጎ ነው። ሱቆቻችን ሥራ ማስኬጃ ያጥራቸዋል፤ አስቀድሞ የሚሰበሰብ ገንዘብ ቢኖር ዘይትና ስኳር ከጅምላ አከፋፋዩ በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት ያስችላል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም የአባላችንን ሒሳብ እንሥራለት።

ለምሳሌ የካርዱ ክፍያ በዓመት 100 ብር ቢሆንና የሱቃችን ዋጋ ከነጋዴው በ4 በመቶ ቢቀንስ አባሉ 100 ብሩን ለማካካስ የ2,500 ብር ዕቃ መግዛት አለበት። ሱቁ ያለው በወረዳው ከተማ ከሆነና የደርሶ መልስ መጓጓዣው 40 ብር ከሆነ በአንድ ጉዞ የ1,000 ብር ዕቃ ካልገዛ ቅናሹ መጓጓዣውን እንኳ አይሸፍንም። ለገበያ ወይም ለሌላ ጉዳይ ከመጣ በመንገዱ ይገዛል፤ ለዚህ ብቻ ከመጣ ግን ይከስራል። የገበሬ ገንዘብ ደግሞ እንደ ወር ደመወዝ በየወሩ አይመጣም። በመኸር ምርት ጊዜ ይመጣል፤ ክረምት ሲገባ ይደርቃል። በክረምት ግማሽ ሊትር ዘይትና አንድ ሳሙና የሚገዛው አባል በብዛት ከሚሸጥ ቅናሽ ምን ያገኛል? እርሱ የከፈለው 100 ብር በከተማ ሱቅ ላለው፣ በካርቶን ለሚገዛው አባል ድጎማ ይሆናል። በተለይ ባል የሞተባቸው እናቶችና ጎጆ የወጡ ወጣቶች በዚህ እንዳይጎዱ እሰጋለሁ።

ስለዚህ ከእነዚህ መደብሮች ልንወስድ የሚገባን ካርዱን ሳይሆን ከካርዱ ጀርባ ያለውን ዲሲፕሊን ነው እላለሁ። ለጉባኤው የማቀርባቸው አምስት ነጥቦች ናቸው።

1ኛ/ በግዢ ዋጋ ላይ ሱቁ የሚጨምረው ከፍተኛው መጠን በጉባኤ ይወሰን፤ በሱቁ ግድግዳ ላይም ይለጠፍ። ኮስትኮን ያስከበረው የራሱን እጅ በራሱ ማሰሩ ነው።

2ኛ/ የዕቃ ዓይነት ይቀነስ። በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ የታሰረ ገንዘብ ነው። አባሉ በየሳምንቱ የሚፈልገው ዘይት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ደብተርና የመሳሰለው ምንጊዜም አይጥፋ።

3ኛ/ የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ በኪሎ ወይም በሊትር ተሰልቶ ይጻፍ፤ አጠገቡ የከተማው ገበያ ዋጋ ይስፈር። ማንበብ ለማይችሉ አባላት ሻጩ ይንገራቸው። ርካሽ ነን ከማለት ማሳየት ይሻላል።

4ኛ/ በብዛት ለሚገዙ ብቻ ቅናሽ ከማድረግ ይልቅ አባላት በየመንደራቸው ተሰባስበው በጋራ እንዲገዙና እንዲከፋፈሉ ይበረታታ። ለቅርጫ የሚሰበሰብ ሕዝብ ለዘይት ጀሪካን መሰባሰብ አያቅተውም።

5ኛ/ ለእያንዳንዱ አባል የግዢ ደብተር ይሰጠው። በዓመቱ መጨረሻ ከሱቁ የተጣራ ትርፍ መጠባበቂያው ተቀንሶ የቀረው አባሉ በገዛው መጠን ይከፋፈል። በክረምት ግማሽ ሊትር የገዛውም በደብተሩ ተጽፎለት ድርሻውን ያገኛል።

የካርዱ ሐሳብ ጨርሶ ይጣል አላልኩም። የማቀርበው ይህንን ነው፦ በሁለት ፈቃደኛ መሠረታዊ ማኅበራት እነዚህ አምስቱ ነጥቦች ለአንድ ዓመት ይሞከሩ። የግዢ ደብተሮቹ ተሰብስበው አንድ አባል በዓመት ስንት እንደገዛና ከገበያው ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደቆጠበ ይሠላ። በሚቀጥለው ጉባኤ ቁጥሩ በፊታችን ሲቀመጥ ክፍያው ያስፈልግ እንደሆነ፣ ስንት ሊሆን እንደሚገባውም ያን ጊዜ ድምፅ እንስጥበት። ክፍያው ከተወሰነም አንድ ነገር ከኮስትኮ እንዋስ። ያ ኩባንያ በአባልነቱ ያልረካ ሰው በማንኛውም ጊዜ የከፈለው ሙሉ ክፍያ እንደሚመለስለት ቃል ይገባል። እኛም በደብተሩ መሠረት ከከፈለው በታች የቆጠበ አባል ልዩነቱ እንዲመለስለት በደንባችን እንጻፍ። ይህን ለመጻፍ ከፈራን ክፍያውን ለመጠየቅም መድፈር አይገባንም።

የተከበራችሁ የወረዳና የዞን ኃላፊዎች፤ ከእናንተ የምንጠብቀው የዋጋ መረጃ በየሳምንቱ ለማኅበራቱ እንዲደርስና የሒሳብ ምርመራው በወቅቱ እንዲደረግ ድጋፋችሁን ነው። ያልተመረመረ ሒሳብ ላይ የትርፍ ክፍፍል አይሠራም፤ ትርፉን በወቅቱ ያላየ አባል ደግሞ ምርቱን ለማኅበሩ ማስረከቡን ትቶ ወደ ደላላው ቢሄድ ልንወቅሰው አንችልም።

በአሜሪካና በካናዳ ካሉት የኮስትኮ አባላት ከመቶው ዘጠና የሚበልጡት በየዓመቱ ካርዳቸውን ያድሳሉ። ያ ሕዝብ የባለቤትነት ድርሻም ድምፅም ሳይኖረው ዋጋው ስለጣመው ብቻ ይመለሳል። ድርሻም ድምፅም ያለው የእኛ አባል ከዚያ የበለጠ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ያንን ምክንያት በዘይቱ ዋጋ፣ በሚዛኑ ትክክለኛነትና በዓመቱ መጨረሻ በእጁ በሚገባው ብር እንስጠው።